የአንድ ቤት ሥራ፤ ባልና ሚስት በሲኒማ ጥበብ

ባልና ሚስት አንድ እርሻ ቢያርሱ፥ አንድ ሱቅ ቢነግዱ የሚያስደንቅ ነገር የለም። በእኛ በጨርጨር ባል ቡናውን ሲለቅም ሚስት ስታሰጣው፥ ባል ማሽላውን ሲያጭድ ሚስት ጐተራውን ስታሰናዳ ዘወትር የምናየው ነው። ነገር ግን ባልና ሚስት ተባብረው የሲኒማ ሥዕል እየሠሩ፥ የሠሩትንም ራሳቸው ከከተማ ወደ ከተማ ይዘው እያሳዩ፥ በዚሁ ሥራ ቤታቸውን አቁመው ልጆቻቸውን ማሳደጋቸው እምብዛም ያልተለመደ ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የጐንደር ተወላጅ የሆኑትን የአቶ ኃይሌ ገሪማንና የባለቤታቸውን የወይዘሮ ሽርክያና አይናን ሥራ አንድ በአንድ እየጠራን ለክቡራን አንባብያን ልናስረዳ አሰብን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ምናልባት ከሂርና ወይም ከገለምሶ፥ ከበዴሳ ወይም ከሚኤሶ የሚያነብ ሰው «የሲኒማ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ያቀኑትና በ1920ዎቹ ዓመታት ጨርጨርን በአዲስ ሥርዓት ያስተዳደሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ የመጀመሪያውን የአማርኛ ትያትር የጻፉ ሰው መሆናቸውን እናስታውስ። «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለው ትያትራቸው በአራዊት ምሳሌ የመንግሥት ሥራን ጕድለት ስለ ገለጠ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ እውነትን በጨዋታ አልብሶ ለሕዝብ ማሳየት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ጥበብ አይደለም።

ሲኒማ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ሽማግሎች ይናገራሉ። ዛሬ ግን ያ የሰይጣን ቤት የተባለው ነገር በየልጁ ኪስ ገብቷል። በጭሮ ገበያ ስትሸጥ የምትውል እናት ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ፥ ልጇ በእጅ ስልኩ የሩቅ አገር ሥዕል እየተመለከተ ታገኘዋለች። ስለዚህ የዛሬ ወላጅ የሚጠይቀው «ልጄ ሲኒማ ይይ ወይስ አይይ?» የሚለውን መሆኑ ቀርቷል። አሁን የሚጠየቀው «ልጄ የሚያየው የማንን ታሪክ ነው? ያንንስ ታሪክ የነገረው ማን ነው?» የሚለው ነው። የእነዚህ ባልና ሚስት ሥራም በሙሉ የተነሣው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

አቶ ኃይሌ በ1946 በጐንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ስለ አርበኞች ተጋድሎ ትያትር እየደረሱ በየስፍራው የሚያሳዩ ደራሲ ነበሩ፤ «ጐንደሬ በጋሻው» የተባለው መጽሐፍም የእርሳቸው ነው። ልጃቸውም ገና በሕፃንነቱ በአባቱ ትያትር ይካፈል ነበር። በቤት ደግሞ ሴት አያቱ በእሳት ዳር ተረትና ታሪክ ይነግሩት ነበር። ከቤት ውጭ ግን ሌላ ተረት ነጋሪ መጣ፤ እርሱም የአሜሪካን ሲኒማ ነው። አቶ ኃይሌ በኋላ ደጋግመው እንደ ተናገሩት፥ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው የታርዛንን ሥዕል ሲመለከቱ ለታርዛን ያጨበጭቡ ነበር፤ ጥቁሮቹ አፍሪቃውያን ከኋላው በመጡበትም ጊዜ እንዲጠነቀቅ ይጮኹለት ነበር። ይህን ነገር ላስተዋለው ሰው እጅግ ያሳዝናል። ሕፃኑ በገዛ ወገኑ ላይ ይመሰክራል፤ መመስከሩንም አያውቅም። ያንን ምስክርነት ያስጠናው ማንም መምህር አልነበረም፤ ደስ የሚያሰኝ ሥዕል ብቻ ነበር።

አቶ ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ ከተማ ትያትር ተማሩ። ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሲኒማ ትምህርት ገቡ። በዚያን ጊዜ እነ ቻርልስ በርኔት፥ እነ ጁሊ ዳሽ፥ እነ ላሪ ክላርክ በዚያው ትምህርት ቤት ነበሩ፤ እነዚህ ወጣቶች ሆሊውድ ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚያሳየውን ሥዕል ትተው፥ የራሳቸውን ሰፈር ሰው በራሳቸው ዐይን ለማሳየት ቈርጠው ተነሡ። ወይዘሮ ሽርክያና ደግሞ በዲትሮይት ከተማ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ሲሆኑ፥ በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ቀጥሎም በዚያው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለ አፍሪቃ ጥናት ተምረዋል። አቶ ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት የሲኒማ መምህር ሆነው ሠሩ፤ ቤታቸውም በዋሽንግተን ሆነ።

በተማሪነታቸው ዘመን አቶ ኃይሌ የሠሯቸው ሁለት አጫጭር ሥዕሎች አሉ። በ1971 የወጣው «የአሸዋ ሰዓት» ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት አንድ ወጣት ጥቁር የኳስ ተጫዋች፥ «ይህ ጭብጨባ ለእኔ ነውን? ወይስ እንደ ጥንቱ የሮማ ታጋይ ለሌሎች መደሰቻ ሆኛለሁ?» ብሎ ራሱን ሲመረምር ያሳያል። በ1972 የወጣው «የእምቢተኝነት ልጅ» ደግሞ አንጄላ ዴቪስ የተባለችው ሴት እጇን ታስራ በቴሌቪዥን በታየች ጊዜ የተፀነሰ የአንዲት እስረኛ ሴት ታሪክ ነው። እነዚህን ሁለቱን የልምምድ ሥራ ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ቀጥሎ የመጣው «ቡሽ ማማ» ግን ወደ ቤት ውስጥ የሚያስገባ ሥራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዶሮቲ የተባለች ነፍሰ ጡር ሴት በሎስ አንጀለስ የድሆች ሰፈር ከሴት ልጇ ጋራ ትኖራለች። ከቬትናም ጦርነት የተመለሰው ወዳጇ ባልሠራው ወንጀል ይታሰራል። ለድሆች ርዳታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደግሞ ፅንሱን ካላስወረድሽ እያለ ያስጨንቃታል። በመጨረሻ አንድ ፖሊስ ልጇን ሲደፍር ብታገኘው ትገድለዋለች። ሥዕሉ የሚጀምረው ፖሊሶች ፊልም ሠሪዎቹን ራሳቸውን በመንገድ አስቁመው ሲፈትሹ በተነሣ እውነተኛ ሥዕል ነው። ይህን ታሪክ የሹመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቢያየው ይጠቅመዋል። በጠረጴዛ ወዲህ የተቀመጠው ጸሐፊ አንድ ጥያቄ ጠይቆ፥ አንድ ቃል ጽፎ፥ ወረቀቱን ያልፋል። በጠረጴዛ ወዲያ የቆመችው ሴት ግን ያንን ቃል ተሸክማ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። «ቡሽ ማማ» ያንን የመልስ ጕዞ ይከተላል።

በዚያው ጊዜ አቶ ኃይሌ ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ትልቁን ሥራቸውን ሠሩ። ሥዕሉ የተነሣው በ1974 ነው፤ ይኸውም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የወደቀበትና አዲሱ መንግሥት ገና ያልጸናበት ወራት ነበር። ጊዜው ጠባብ፥ ገንዘቡም ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው በጥቂት ሳምንታት የትምህርት ዕረፍት ውስጥ ተፈጸመ። ቀለሙ ጥቁርና ነጭ፥ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው። አያት፥ አባት፥ እናትና ልጆች ከንጋት እስከ ምሽት ሲሠሩ ይታያሉ። ባለ ርስቱ ከደጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩቅ እየጮኸ ያዛቸዋል። የቤቱ ሴት ልጅ ከብት ስትጠብቅ በጎርፍ ተወስዳ ትሞታለች። ከበበ የተባለ፥ ለአገሩ የተዋጋና መሬቱን የተነጠቀ ሰው ደግሞ በመንደሩ እንደ እብድ ተቈጥሮ ይዞራል፤ እውነቱን የሚናገረው ግን እርሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ባለ ርስቱን ይገድለዋል። ተጫዋቾቹ የትያትር ትምህርት የተማሩ አይደሉም፤ አብዛኞቹ የገጠር ሰዎች ናቸውና እርሻውም፥ ለቅሶውም፥ እንጀራ መጋገሩም እንደ ራሱ እንደ ኑሮው ይታያል።

ርስት የነበራቸው ወገኖች ይህን ሥዕል ሲያዩ ቅር ቢላቸው አያስደንቅም፤ ባለ ርስቱ አንድም በጎ ነገር ሲሠራ አይታይምና። እርግጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር ማለት ፍርድን ያጓድላል። ነገር ግን በጨርጨርም ቢሆን ጭሰኛ የነበረ አባት ለልጁ የሚነግረው ታሪክና ባለ ርስት የነበረ አባት ለልጁ የሚነግረው ታሪክ አንድ አለመሆኑን ማን ይክዳል? መሬት የመንግሥት መሆኑ ከታወጀበት ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ሥርዓቱ ቢለወጥም፥ ሁለቱ ታሪኮች በሁለት ቤት ተለያይተው ተቀምጠዋል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የአንደኛውን ቤት ቃል ሳያቋርጥ ያሰማል። ዳኛ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰማ አይፈርድምና፥ ይህም ቃል በመዝገቡ መግባቱ የተገባ ነው። ሥዕሉ በ1976 በስዊስ አገር በሎካርኖ ከተማ ሽልማት አገኘ፤ በ2006 ደግሞ ማርቲን ስኮርሴዚ የተባለው ስመ ጥር የሲኒማ ሰው የመሠረተው ድርጅት አሮጌውን ፊልም አሳድሶ ከጥፋት አዳነው።

ቀጥሎ ስለ ሕግ ለሚያስቡ አንባብያን የሚስማማ «የዊልሚንግተን 10» የተባለ እውነተኛ ነገርን የሚያስረዳ ሥዕል አለ። በ1971 በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በዊልሚንግተን ከተማ በተነሣው ሁከት ሱቅ አቃጠላችሁ ተብለው ቤንጃሚን ቻቪስና ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ተከሰሱ፤ ፍርዱም በአሥሩ ላይ ሲደመር 282 ዓመት እስራት ነበር። ከዚያ በኋላ ዋናዎቹ ምስክሮች ቃላችን ሐሰት ነበር ብለው ካዱ። አቶ ኃይሌ ሥዕሉን የሠሩት ፍርዱ ገና ሳይሻር፥ ነገሩም በሞቀበት ጊዜ ነው። በ1980 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ በ2012 ደግሞ የግዛቱ ገዥ ንጹሓን መሆናቸውን አስታወቁ። አንድ ሐሰተኛ ቃል በመዝገብ ከገባ በኋላ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1982 ከዚህ ቤት ሁለት ሥራዎች በአንድ ዓመት ወጡ። አንደኛው የአቶ ኃይሌ «አመድና ፍም» ነው። ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ አንድ ወታደር ከተማ ለከተማ ይንከራተታል፤ ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ከሰው ጋራም አይስማማም። በገጠር የምትኖረው ሴት አያቱ ግን ስለ አባቶቹ ተጋድሎ ትነግረዋለች። እርሱ ይቈጣል፥ ይሄዳል፥ ይመለሳል። አመዱ እርሱ ነው፤ ፍሙ ደግሞ በአሮጊቷ አፍ ያለው ነገር ነው። የእሳት ጠባይ እንዲህ ነው፤ ማታ በአመድ የተዳፈነው ፍም ጧት ተቈስቍሶ ቤቱን ያሞቃል፤ ማንም ካልቈሰቈሰው ግን ከአመዱ ጋራ ይጣላል። ጦርነት አይቶ የተመለሰ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን ሥዕል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ሁለተኛው የወይዘሮ ሽርክያና «ጡብ በጡብ» ነው። ይህ አጭር ሥራ በዋሽንግተን ከተማ ድሆች ጥቁሮች ከኖሩበት ሰፈር በቤት ኪራይና በሀብታም ገዢዎች ምክንያት ሲነቀሉ ያሳያል። ነገር ግን በልቅሶ ብቻ አያበቃም፤ ተከራዮች ገንዘባቸውን አዋጥተው የሚኖሩበትን ቤት ለመግዛት ሲደራጁ ይታያል። ባልየው ታላላቅ ታሪክ ሲያነሡ ሚስቲቱ የቤቱን ጣራና ግድግዳ ያነሣሉ፤ ሥራቸውም እንዲህ እርስ በርሱ ይሟላል።

በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ የራሳቸውን የፊልም ማከፋፈያ ድርጅት አቋቋሙ። ይህ ነገር ከሥዕሎቹ ያላነሰ ስለሆነ ጥቂት እናብራራው። በሲኒማ ሥራ አንድ ሰው ሥዕሉን ቢሠራም፥ የትኛው ከተማ፥ በየትኛው አዳራሽ፥ ስንት ቀን ይታይ የሚለውን የሚወስነው አከፋፋዩ ነው። ቡና ለቃሚው ዋጋውን እንደማይቈርጥ ሁሉ፥ ሥዕል ሠሪውም ተመልካቹን አይመርጥም። ባልና ሚስቱ ይህን አይተው ምርቱንም ገበያውንም በአንድ ቤት ማድረግ መረጡ። ከሦስት ዓመት በኋላም አቶ ኃይሌ ከተማሪዎቻቸው ጋራ ስለ አረጋዊው ባለ ቅኔ ስለ ስተርሊንግ ብራውን «ከክረምት በኋላ» የተባለውን ሥዕል ሠሩ፤ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ለተማሪዎች ተቀመጠ።

የዚህ ቤት ፈተናም፥ ክብርም የታየው በ«ሳንኮፋ» ነው። ሳንኮፋ በጋና አገር በአካን ሕዝብ ቋንቋ «ተመለስና ውሰድ» ማለት ነው፤ ምልክቱም አንገቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወፍ ነው። አቶ ኃይሌ ይህን ሥዕል ለመፈጸም ዘጠኝ ዓመት ያህል ደከሙ፤ ወይዘሮ ሽርክያናም በአዘጋጅነት አብረው ሠሩ። አንዲት ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ፎቶግራፍ ለመነሣት ወደ ጋና ትሄዳለች። ስፍራው ባሪያዎች በመርከብ ይጫኑበት የነበረው የኬፕ ኮስት ግንብ ነው። አንድ ሽማግሌ ከበሮ መቺ «ተመለሺ!» እያሉ ይገሥጿታል። ወደ ምድር ቤቱ በወረደች ጊዜ ሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ይከቧታል፤ እርሷም ሾላ የተባለች ባሪያ ሆና በሉዊዚያና የሸንኮራ እርሻ ራሷን ታገኛለች።

በዚያ እርሻ ኑኑ የተባለች፥ በልጅነቷ ከአፍሪቃ የተወሰደች ሴት አለች። ጆ የተባለው ልጇ በመርከብ ላይ በግፍ ተደፍራ የወለደችው ነው። የእርሻው ቄስ ልጁን አቅርቦ እናትህ አረማዊት ናት፥ ርኵስት ናት እያለ ያሳድገዋል፤ ጌቶቹም በወገኖቹ ላይ አለቃ አድርገው ጅራፍ ያስይዙታል። መጨረሻው አስፈሪ ነው፤ ልጁ እናቱን በገዛ እጁ ይገድላታል። ካጠፋትም በኋላ ማንነቷን ያውቃል።

በጐንደር ሲኒማ ለታርዛን ይጮኹ የነበሩት ሕፃናትና ይህ ጆ የተባለው ልጅ ዘመድ ናቸው። ልጅን ከእናቱ ለመለየት ሁልጊዜ ሰንሰለት አያስፈልግም፤ እናቱ የምታፍርበት ሴት እንደ ሆነች ደጋግሞ መንገር ይበቃል። በከተሞቻችን ከገጠር የመጣች እናቱን በትምህርት ቤት ደጅ ሲያይ ጓደኞቹ እንዳያውቁበት ፊቱን የሚያዞር ልጅ ያየ ሰው፥ ይህን ለመረዳት ሉዊዚያና ድረስ መሄድ የለበትም።

«ሳንኮፋ» በ1993 በበርሊን የሲኒማ በዓል ለውድድር ቀረበ። ነገር ግን በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ጠፋ። ባልና ሚስቱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዋሽንግተን አዳራሽ ተከራዩ፤ ወሬውንም በቤተ ክርስቲያን፥ በማኅበርና በሠፈር አሠራጩ። ሰዉ በሰልፍ መጣ፤ ሥዕሉም ለብዙ ሳምንታት ታየ። ከዚያ በኋላ ከተማ ለከተማ እንዲሁ እያደረጉ አዞሩት። ከዚህም ባገኙት ገንዘብ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና «ሳንኮፋ» የተባለ የመጽሐፍና የፊልም ሱቅ ከቡና ቤት ጋራ ከፈቱ። በ2021 ደግሞ ኤቫ ዱቨርኔ የተባለችው የሲኒማ ባለሞያ ድርጅት ሥዕሉን አሳድሶ በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም አሳየው፤ ሃያ ስምንት ዓመት አልፎ ማለት ነው።

በ1994 የወጣው «ጐደሎ ጕዞ» አቶ ኃይሌ ደርግ ከወደቀ በኋላ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ከተባለው የፖሎኝ ጋዜጠኛ ጋራ ኢትዮጵያን እየዞሩ የሠሩት ነው። ወይዘሮ ሽርክያናም በ1997 «መመለሻ የሌለው በር» የተባለውን አወጡ፤ በዚህም አባታቸው ቀድሞ ወደ አፍሪቃ የተጓዙበትን ዱካ ተከትለው ወደ ጋና ይሄዳሉ። ባልየው በልብ ወለድ ያሳዩትን የመመለስ ነገር ሚስቲቱ በራሳቸው ቤተ ሰብ ታሪክ መረመሩት። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላም ጋናን ነጻ በወጣች ጊዜ ለመርዳት ከባሕር ማዶ ስለ ሄዱት ጥቁሮች «የፓን አፍሪካኒዝም ዱካ» የሚባለውን ሥዕል ጨመሩ።

በ1999 «ዐድዋ» ወጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ድል አቶ ኃይሌ ተዋናይና ሠራዊት ሰብስበው አልሠሩትም። የሽማግሎችን ቃል፥ የአዝማሪን ዜማ፥ የጥንት ሥዕሎችንና ተራሮቹን ራሳቸውን እየገጣጠሙ፥ ከአባታቸው በሰሙት ታሪክ አስተሳስረው ያቀርባሉ። የዐድዋን ጦርነት በዐይኑ ያየ ሰው በዚያን ጊዜ እንደማይገኝ የታወቀ ነው፤ ያዩት ሰዎች ለልጆቻቸው የነገሩት ግን ገና አልጠፋም ነበር። በዚህ ነገር የእኛም ከተማ ድርሻ አላት። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋራ ዐድዋ ደርሰው ነበር፤ ያዩትንም በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። እርሳቸው ባይጽፉት ኖሮ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዚያ ቀን ያየው ነገር ከእርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር።

የሥራዎቹ ሁሉ መደምደሚያ የሚመስለው በ2008 የወጣው «ጤዛ» ነው። ለመፈጸም አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። አንበርብር የተባለው ሰው በጣና ዳር ባለ መንደር ተወልዶ በጀርመን አገር ሕክምና ይማራል። በዚያም እንደ ጓደኞቹ ስለ አብዮት ይከራከራል። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ያ የተመኘው አብዮት ወዳጁን ተስፋዬን ይበላበታል። እንደ ገና ወደ ጀርመን ቢሄድ ጥቁርን የሚጠሉ ወጣቶች ደብድበው እግሩን ያሳጡታል። በመጨረሻ በ1990 አንድ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። በዚያ ደግሞ ወታደሮች ልጆችን ለጦርነት እያደኑ ይወስዳሉ፤ ልጆቹም በዋሻ ይሸሸጋሉ። እናቱ የልጇን ሐዘን አታውቀውም፤ እርሱም ሊነግራት ቋንቋ ያጣል። የተማረውን ትምህርት ሁሉ ይዞ ከእሳቱ ዳር ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ስለ ተማረ ልጅ መመለስ የጨርጨር ሰው ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቀው ሌላ ድርሰት አለ፤ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው የጻፉት «አርአያ» ነው። አርአያም በአውሮፓ ተምሮ አገሩን ሊጠቅም ይመለሳል፤ እንቅፋትም ያገኘዋል፤ ነገር ግን ተስፋው አይሰበርም። ከአርአያ እስከ አንበርብር ስድሳ ዓመት ያህል አለ። በዚያ ስድሳ ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ ተልኮ ስንቱ እንደ ተመለሰ፥ ከተመለሰውም ስንቱ እንደ ሞተ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል። «ጤዛ» ግን በጨለማ አይዘጋም። አንበርብር የመንደሩ ልጆች መምህር ይሆናል፤ መንደሩ የጣላት አዛኑ የተባለች ሴትም ልጅ ትወልድለታለች። ጤዛ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል፤ እስኪጠፋ ድረስ ግን ሣሩን ያረጥባል። ሥዕሉ በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፥ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ በዋጋዱጉ ትልቁን የአፍሪቃ ሲኒማ ሽልማት አገኘ።

ጕድለት የለባቸውም አንልም። ብዙዎቹ ረዣዥም ናቸው፤ ታሪኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚሄድ ያልለመደ ተመልካች መንገዱ ይጠፋበታል። የግፉ ሥዕል ጽኑ ስለሆነ ለሕፃናት አይስማማም፤ ስለዚህ ወላጆች አስቀድመው ራሳቸው አይተው፥ ለደረሱት ልጆቻቸው አብረው ተቀምጠው ቢያሳዩአቸው ይሻላል።

የአንድ ቤት ሥራ ፍሬው በልጆች ይታያልና እርሱንም እንጨምር። ልጃቸው መራዊ ገሪማ በ2020 «ቅሪት» የተባለውን የመጀመሪያውን ረዥም ሥዕሉን አወጣ። ታሪኩ አንድ ወጣት ፊልም ሠሪ ወደ ተወለደበት የዋሽንግተን ሰፈር ሲመለስ ጎረቤቶቹ ተነቅለው፥ ቤቶቹ በባዕዳን ተይዘው ማግኘቱ ነው። እናቱ በ1982 «ጡብ በጡብ» ብለው የጀመሩትን ነገር ልጁ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ አነሣው። እናቱ ለተከራዮቹ የተከራከሩበትን ክርክር እርሱ በራሱ ሰፈር ላይ አገኘው። ርስት ማለት መሬት ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

እንግዲህ ከእነዚህ ባልና ሚስት ሥራ የምንማረው ይህ ነው። ታሪክህን ሌላ ሰው ከነገረልህ፥ ልጅህ ለታርዛን ያጨበጭባል። ታሪክህን ራስህ ለመንገር ደግሞ የሰው ፈቃድና የሀብታም ገንዘብ እስኪመጣ የምትጠብቅ ከሆነ ሽማግሌው አይጠብቅህም። በሚኤሶ የባቡሩን ሥራ ያስታወሱ አባቶች፥ በሂርና ገበያ ቡና ሲያመጡ የኖሩ እናቶች፥ በገለምሶና በበዴሳ የረኃቡንና የጦርነቱን ዘመን ያዩ ሰዎች በየቤታችን አሉ። ልጆቻችን የሩቅ ሥዕል የሚያዩበት ያው ስልክ ሥዕልና ድምፅ ይቀርጻል። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፥ አያት በሚናገሩበት ቋንቋ ይሁን።

አሠራሩም ቀላል ነው፤ በፍርድ ቤት የምስክር ቃል እንደሚጻፍ ይሁን። በመጀመሪያ የተናጋሪው ስምና ዕድሜ፥ የተወለዱበትም ስፍራ ይነገር፤ ቀኑ ይጠቀስ። ያዩትንና የሰሙትን ለይተው እንዲናገሩ ይጠየቁ፤ ቃላቸው አይቋረጥ፥ አይታረምም። ከተፈጸመ በኋላ ከአንድ ስፍራ ብቻ አይቀመጥ፤ ስልክ ይጠፋልና ሁለተኛ ግልባጭ ለሌላ ዘመድ ይሰጥ። ይህን ያደረገ ቤተ ሰብ ፊልም ሠሪ ባይባልም፥ ለልጅ ልጁ የሚያሳየው የራሱ ሥዕል ይኖረዋል።